እዛ ጋ አይተነፈስም

መርፌ ስትናደድ የሚያውቃት ሰው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ የማያውቃት ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀመሰ ይበቃዋል። ስሙን ያወጡላት የቲያትር ቤቱ የትንፋሽ መሣሪያ ነፊዎች ናቸው። የትራምፔቷ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ይወጋል፤ አዳራሹን አቋርጦ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያንቀላፋውን ተመልካች ይቀሰቅሳል። ጠባይዋም ከትራምፔቷ እምብዛም ስለማይለይ ስሙ እንደተጣበቀባት ቀረ። እሷም አልጠላችውም። የሚያንገበግባት ስሙ ቀርቶላት ድምፁ መሄዱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ልትታጠብ መስታወት ፊት ስትቆም የፊቷ ግራ ጎን ወደ ታች ወርዶ አገኘችው። የአፏ ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ስትጉመጠመጥ ውኃው በዚያው ይፈስሳል። ሐኪሙ «ይመለሳል፣ አይዞሽ» አላት። አልዋሸም፤ ጉንጯም ዓይኗም ተመለሱ። የላይኛው ከንፈሯ የግራ ጫፍ ብቻ በድን ሆኖ ቀረ። «ለመብላትም ለመናገርም ይበቃሻል» አላት ሐኪሙ፣ የምሥራች የነገራት መስሎት። ትራምፔት ከንፈር ነው እንጂ ናስ አይደለም። ናሱ ቱቦ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ጥፍር በማታህል በዚያች ሥጋ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። «እናንተስ የምትመጡት ከንፈር አላችሁ» ትላቸው ነበር እሷ፣ ፊት ለፊት። በዚህም ብዙ ወዳጅ አጣች።

የቀራት ታላቅ ወንድሟ ነው። የሚኖሩት ወላጆቻቸው ባወረሷቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ አንዱ ክፍል የሷ፣ አንዱ የሱ፣ በመካከል ስስ ግድግዳ። እሷ አንዴ አግብታ ፈታለች፤ እሱ ጭራሽ አላገባም። «የኔን ትሮምቦን ከእህት በቀር ማን ይችለዋል?» ይላል። የሚሠራው እዚያው ቲያትር ቤት ነው፤ ከመድረኩ ሥር፣ ተጫዋቾቹ «ጉድጓዱ» በሚሉት ቦታ፣ ከሌሎች አራት ነፊዎች ጋር ይቀመጣል። የመጀመሪያዋን ትራምፔት የገዛላትም፣ ያስተማራትም፣ ጉድጓዱ ውስጥ አጠገቡ ያስቀመጣትም እሱ ነው።

ደረቱ ሰፊ ስለሆነ ወናፍ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ደረቱን እንጂ ውስጡን አላዩም። በወጣትነቱ ሳንባውን ታሞ አንዱ ጥግ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ለረጅም ዜማ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም። ዜማው ሊያልቅ ሦስት ኖታ ሲቀረው፣ ደራሲው በሕልሙም ባላሰበው ቦታ፣ አየር ይሰርቃል፤ ከዚያ ለቅጽበት ዘግይቶ ይገባል። የሙዚቃ መሪዎች እየተፈራረቁ ተቆጥተውት ተቆጥተውት ተዉት። ያልተወችው እህቱ ናት። ቤት ውስጥ ሲለማመድ እዚያች ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ከግድግዳው ወዲህ ሆና «እዛ ጋ አይተነፈስም!» ብላ ትጮኻለች። እሱ በጣቱ ግድግዳውን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። ሰምቻለሁ ማለቱ ይሁን ተይኝ ማለቱ፣ ተነጋግረውበት አያውቁም። ሌላ ቤት «እንዴት ዋልሽ» እንደሚባለው ሆኖ ዕድሜያቸውን ሁሉ ኖረውበታል።

የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ «በጣም ጥሩ» ይባላል። ይህም ቅጽል ስም ነው። ደመወዝ ይጨመርልን ሲሉት «በጣም ጥሩ» ይላል፤ ጣሪያው ያፈሳል ሲሉት «በጣም ጥሩ» ይላል፤ ደመወዙም አይጨመር፣ ጣሪያውም ማፍሰሱን አይተው። ይህ ሰው መርፌን ቢሮው አስጠራት። ፊቷን ከታመመች ወዲህ የጀርባ መጋረጃ ትስባለች፣ ቲኬት ትቆርጣለች፣ ሰው ትቆጣለች፤ ሊያሰናብተኝ ነው ብላ የምትለውን ስድብ አዘጋጅታ ነበር የገባችው።

«ከንፈርሽ ቢታመም ጆሮሽ አለ» አላት። «ኮምፒዩተር ገዝተናል። የማንኛውንም መሣሪያ ድምፅ ይፈጥራል አሉ። ወንድምሽ ሳንባው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንድ ቀን ቢነሳበት ቲያትሩ ቆመ ማለት ነው። እሱ ያመመው ዕለት የሚሸፍንለት ድምፅ ብትሠሪ፣ ለሱም እረፍት ነው።»

ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ። ይህን ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ወደደችው። ከዚያ በኋላ ትዝ ባላት ቁጥር እርር ድብን የሚያደርጋት ደግሞ ይኸው መውደዷ ነው።

የተሰጣት ክፍል ከመድረኩ ጎን ያለው የድሮ አልባሳት ማስቀመጫ ነበር። የቆርቆሮ ቁልፍ ያላቸው የጄኔራል ካፖርቶች፣ የተላጡ ዊጎች፣ የብል መድኃኒት ሽታ። በመካከል ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር፣ አጭር ኪቦርድና ማዳመጫ። ፕሮግራሙን ስትከፍት «ትሮምቦን» የሚል የተዘጋጀ ድምፅ አገኘችና ተጫነችው። የወጣው ነገር ጉንፋን የያዘው የበር ደወል ነበር።

«ይሄ ነው ትሮምቦን?» አለች። «ይሄን የሠራ ሰውዬ ትሮምቦን በዓይኑ አይቶ ያውቃል?» ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

የቲያትር ቤቱ የድምፅ ባለሙያ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው፤ ሲጠይቁትም ያስብበታል። ማዳመጫውን አነሳና የተጠማዘዘ ገመዱን እያቃና «የተዘጋጀውን ተይው። ከጥሬው ጀምሪ» አላት። ከዚያ ምንም ያልተነካ፣ ጥሬ ድምፅ ከፈተላት። በሥዕል ሲታይ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ሲሰማም እንደዚያው ጥርስ የሚያንገሸግሽ ዚዝታ ነው። መርፌ ደግማ ከፈተችው። ይህን ዚዝታ ታውቀዋለች። መንፋት የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚማረው ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ከንፈሩ «ብዝዝዝ» ማለትን ነው። ወንድሟ እቃ ማጠቢያው አጠገብ አቁሞ ያስተማራት ይህንኑ ነበር። ማሽኑ ከንፈር ነበረው። የሌላት እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ያሠራት ንዴት ነው። ናስ በኃይል ሲነፋ ድምፁ መጨመር ብቻ ሳይሆን ይከፈታል፣ ያበራል፤ ሲለዝብ ይደበዝዛል። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ቢጮህም ቢያንሾካሹክም ፊቱ አንድ ነው። እሷ የድምፁን ብሩህነት የሚወስነውን ማጣሪያ ከጣቷ ጉልበት ጋር አሰረችው፤ ቁልፉን ጠንከር አድርጋ ስትመታው ማጣሪያው ወለል ይላል፣ ስትዳስሰው ይከደናል። ደግሞ ማጣሪያው በአንዴ አይበረገድም፤ ትንፋሽ ያን ሁሉ ቱቦ ዞሮ እስኪወጣ ትንሽ ይቆያል። ኖታዋም ስትነሳ ከቦታዋ ዝቅ ብላ ነው የምትነሳው፤ ከንፈር ፈልጎ ነው የሚያገኛት። መንቀጥቀጡ ወዲያው አይመጣም፤ ነፊው ድምፁ ቦታውን መያዙን ካየ በኋላ ነው የሚያንቀጠቅጠው። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ስታስገባ አፏ አላረፈም። «ጉንጭ የለህም እንዴ አንተ? ምላስህ የት ሄደ? ማን ቸኩል አለህ?» እያለች ኮምፒዩተሩን ትሰድባለች። የድምፅ ባለሙያው መጀመሪያ እሱን የምትሰድብ መስሎት ደንግጦ ነበር።

የራሷን ትራምፔት ሞከረችው። አልሆነላትም። ድምፁ ወደ ድሮው መርፌ በቀረበ ቁጥር ታጠፋዋለች። ስለዚህ ፊቷን ወደ ትሮምቦኑ መለሰች። ትሮምቦን ማለት ደግሞ ለሷ ወንድሟ ነው፤ በግድግዳ ተጣርቶ ሲመጣ የሰማችው ሌላ ትሮምቦን የላትም። ሲጀምር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ኖታዋን እንዴት እንደሚያክካት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚሰስት፣ ሁሉንም አስገባች።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ሁሉም ልክ ነው፤ ግን ሰው የለበትም። ስታስበው ዋለች፣ ወዲያ ወዲህ አለች፣ አንዱን የጄኔራል ካፖርት በእግሯ መታችው። ሲገባት ቁጭ ብላ ሳቀች። ትንፋሹን ረስታዋለች። ሊያልቅ ሦስት ኖታ ሲቀረው ዜማውን ቆረጠችና ያቺን የተሰረቀች አየር አስገባች፤ የአየሯን «ህ» እንኳ ከጥሬ ሹክሹክታ ሠርታ ከኖታው በፊት አስቀመጠቻት። ከዚያ ትሮምቦኑን ለቅጽበት አዘግይታ አስገባችው። ዕድሜዋን ሙሉ የጮኸችበትን ስህተት በገዛ እጇ ሠራችው። ወንድሟ ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰላት። ምንም አልነገረችውም፤ አንድ ቀን ልታስደንቀው ፈለገች።

በጣም ጥሩ ሰምቶ በጣም ጥሩ አለ። በነጋታው ሁለት የቦርድ ሰዎች ይዞ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ፤ ወናፍንም አስጠራው። «አንድ የቆየ ቅጂ አግኝተናል፤ ማን እንደሆነ ለይልን» አለው። መርፌ ከኋላ ካለው ከድምፅ ባለሙያው ክፍል መስታወት ጀርባ ሆና ታያለች። ድምፁ ተለቀቀ። ወናፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለ ሲያልቅ። «የመቼ እንደሆነ ግን ጠፋብኝ። ያችን ቦታ አያችኋት? እንደ ልማዴ ዘግይቼ ገባሁ። እህቴ ብትሰማ ትጮህብኝ ነበር።»

እህቱ ከመስታወቱ ጀርባ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። የቦርዱ ሰዎችም ሳቁ። ወናፍ ሰው ሲስቅ ጊዜ አብሮ ሳቀ። በጣም ጥሩ ብቻ አልሳቀም። ወደ ቦርዱ ሰዎች ዘወር ብሎ «ራሱ አልለየውም። ማንም አይለየውም» አለ። መርፌ ይህን በማዳመጫው ሰምታዋለች። ሙገሳ መስሏት ነበር።

በሳምንቱ አምስቱም ነፊዎች ቢሮ ተጠሩ። ከአዲሱ ቲያትር ጀምሮ የትንፋሽ መሣሪያ ክፍሉ በኮምፒዩተር እንደሚሸፈን በጣም ጥሩ ነገራቸው፤ ላገለገሉበትም አመሰገናቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ኮምፒዩተር ምን ያውቃል?» ቢለው ያንኑ ዜማ አሰማቸው። «የሠራችው የራሳችሁ ሰው ናት» አላቸው፤ ወናፍ ሲለየውም ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ትሰማ እንደነበር ጨመረበት። ወናፍ ዜማውን ለሁለተኛ ጊዜ ሰማ።

መርፌ ነገሩን ኮሪደር ላይ ሰምታ ቤት ስትደርስ ወንድሟ የትሮምቦኑን ሣጥን አልጋው ሥር እየገፋ አገኘችው።

«ወንድምጋሼ፣ አላወቅኩም» አለችው። «ላመመህ ቀን ነው ብሎኝ ነው። አንተ ትሙት፣ አላወቅኩም።»

ወናፍ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብታይ በቀለላት፤ ቁጣን ታውቅበታለች። «እኔ ነኝ አልኩ እኮ» አላት። «በሰው ፊት። አንቺ እየሰማሽኝ።» ከዚያ በሩን በቀስታ ዘጋው። በኃይል ቢያላትመው ይሻል ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገራትም። ሰላምታ የለ፣ ምግብ ላይ ቃል የለ፤ ጨው ሲፈልግ ተነሥቶ ራሱ ያመጣል። ትሮምቦኑም አልጋ ሥር እንደገባ ቀረ። ግድግዳው ዝም ጭጭ አለ። መርፌ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታፈጥበታለች። በጣም ጥሩን ሰደበችው፤ ኮምፒዩተሩን ሰደበችው፤ ያን ከንፈሯን፣ ሐኪሙን፣ የቦርዱን ሰዎች ሰደበች። ራሷ ላይ ስትደርስ የሚበቃ ስድብ አጣች።

በማግስቱ የሥራ አስኪያጁን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«ላመመው ቀን ነው ብለውኝ ነበር» አለችው።

«አዎ። አሁን ሁልጊዜ ያርፋል» አለ በጣም ጥሩ። እያሾፈ አልነበረም፤ ደሟን ያፈላው ይኸው ነው። «አንቺም ሥራ አገኘሽ። የአዲሱን ቲያትር ዜማዎች በዚያ ድምፅ ተጫውተሽ አስገቢልን። ከምረቃው በፊት ቦርዱ ልምምዱን ያያል።»

የሚወረወር ነገር ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ነበር፤ አየችው። ከዚያ ግን ወንድሟ ትዝ አላት፣ «እኔ ነኝ» ያለው፣ አብሮ የሳቀው። አበባውን ተወችው።

«እሺ» አለች።

የሚያውቃት ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። መርፌ «እሺ» ብላ አታውቅም።

አልባሳት ክፍሉ ውስጥ ገብታ በሩን ቆለፈች። ዜማዎቹን ሁሉ ተጫወተቻቸው፤ አንድ ኖታ አልሳተችም፣ አንድ ማጣሪያ አላበላሸችም። ድምፁ የወናፍ ድምፅ ነው፤ ሞቅ ሲል ይከፈታል፣ ሲለዝብ ይከደናል። ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንፋሾቹን በሙሉ አወጣቻቸው። ያቺን የተሰረቀችውን ብቻ አይደለም፤ በየዜማው መጨረሻ የሚገባቸውንም ነቀለቻቸው። አንዱ ዜማ ካንዱ ተያይዞ፣ ያለ ስፌት እንደ ተሸመነ ጨርቅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የድምፅ ባለሙያው ሥራውን ሊቀበላት መጥቶ አንዱን ሰማ። ማዳመጫውን አውልቆ አያት። ማሰቡን አሰበበት። «ኖታው ልክ ነው» አላት።

የልምምዱ ዕለት የቦርድ ሰዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ በጣም ጥሩ አጠገባቸው። ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ አምስቱን ወንበሮች ማንሳቱን እንኳ ማንም አላሰበበትም። መርፌ ክንዷን አጣጥፋ ከጎን በር ቆመች። መጀመሪያ ላይ ያለው ሙዚቃ ብቻ ስለነበር ደህና አለፈ። እንዲያውም አንዱ የቦርድ ሰው ራሱን ወዘወዘ። ኋላ ዋናዋ ዘፋኝ ወደ መድረክ ወጣች።

ይህች ዘፋኝ ወናፍ በነፋበት ላይ ስትዘፍን አርጅታለች። ኖታ ማንበብ አትወድም፤ የምትተነፍሰው ጉድጓዱ ሲተነፍስ ነው። ከእግሯ ሥር አምስት ሰው አየር ሲስብ ትሰማለች፣ አብራ ትስባለች። የወናፍንም ስህተት ከለመደችው ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ዜማው ሊያልቅ ሲል ያችን የተሰረቀች አየር አብራው ትሰርቃለች። ይህን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው አያውቀውም።

ጀመረች። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘለቀችው። ሁለተኛው ላይ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ሰገግ አደረገች፤ የምትጠብቀው ነገር አልመጣም፤ ማሽኑ ሄደ። ተከተለችው። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ፊቷ ቀላ፤ ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እንደ ክር ተበጠሰ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ማሽኑ ግን ያለ እሷ ቀጠለ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው ትንፋሹን ይዞ ነበርና እዚህም እዚያም ሳል ተሰማ።

«ከማን ጋር ነው የምተነፍሰው?» አለች ዘፋኟ።

«ከመጀመሪያው» አለ በጣም ጥሩ። ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ እዚያችው ጋ ተበጠሰ። የድምፅ ባለሙያውን «ክፍተት አስገባበት፣ ዝም ብለህ ቁረጠው» አለው። እሱም ቆረጠው። መብራት የጠፋ ይመስል ድምፁ ጥፍት አለና ብልጭ አለ፤ ዘፋኟ በጥፍቱ ጊዜ ደንግጣ መተንፈሱን ረሳችው። «ይሄ መቆም ነው እንጂ መተንፈስ አይደለም» አለች፤ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ከመድረክ ወረደች።

በጣም ጥሩ ወደ ጎን በሩ መጣ። አንገቱ ላይ ላብ አለ። «ምን አድርገሽ ነው?» አላት።

«ስህተቱን አረምኩት» አለች መርፌ። «ዕድሜዬን ሙሉ ላርመው ስታገል የኖርኩት ስህተት ነው። ማንም አይለየውም ብለው የለ?»

«ትንፋሹን መልሺ።»

«የኔ አይደለም። ባለቤቱን ይጠይቁ።»

የተጠየቀው በማግስቱ ነው። በጣም ጥሩ ራሱ ቤታቸው መጣ፤ የተጣደፈ ሰው ነው፣ ወንበር ቢሰጠውም ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። መርፌ ግቢው ውስጥ ካለው የልብስ ባልዲ አጠገብ ተነሥታ፣ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ በሩ ላይ ቆመች። ወናፍ ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጣል።

«ብዙ አላስቸግርህም» አለው በጣም ጥሩ። «መንፋት አይጠበቅብህም። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተህ እንድትተነፍስ ብቻ ነው የምንፈልገው። የት የት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። እንቀዳና በቃ።»

«ትንፋሼን ብቻ?» አለ ወናፍ።

«ትንፋሽህን ብቻ። በጣም ጥሩ።»

ወናፍ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። የሣጥኑ ማያያዣ ሲከፈት ተሰማ። ትሮምቦኑን ይዞ ተመለሰና እዚያችው ጠባብ ቤት ውስጥ፣ እንግዳው ፊት ለፊት ቆሞ ነፋ። የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። በጣም ጥሩ ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና ስልኩን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ መቅጃውን ከፍቶታል። ወናፍ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚነፋ አላየም። መርፌ አየች።

ያችን ቦታ ጠበቀች እንዴ? አልጠበቀችም። ዜማው እዚያ ከመድረሱ በፊት ቱግ ብላ ገባች፣ ስልኩን ከሰውየው ጉልበት ላይ አነሳች፣ ወጣች፣ ባልዲው ውስጥ ከሸሚዞቹ ጋር ዘፈቀችው። አረፋው ብቅ ብሎ ተመለሰ። ትሮምቦኑ ተቋረጠ። በጣም ጥሩ ክንዱን እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ከትቶ ሲዳብስ፣ ወናፍ በሩ ላይ መጥቶ አየው። የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ወዲያው ግን አስተካከለው።

«ትንፋሽ ብቻውን አይመጣም» አለው ለእንግዳው። «አምስት ሰው ይዞ ነው የሚመጣው።»

በጣም ጥሩ ውኃ የሚያንጠባጥብ ስልኩን ይዞ ወደ መርፌ ዞረ። «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ግቢ እንዳትረግጪ» አላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ ሰማችው።

ዘፋኟ ያለ ጉድጓዱ አልዘፍንም ብላ ፀናች፤ የምረቃው ቲኬት ደግሞ ተሸጦ አልቋል። ስለዚህ አምስቱም ተጠሩ። «ለዚህ ቲያትር ብቻ» ነው የተባሉት፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል፤ የወናፍ ድምፅም እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። መርፌ ያን ማውጣት አልቻለችም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ወናፍ ወደ ልምምድ ሲሄድ አላናገራትም። ሲመለስም አላናገራትም። ጫማውን አውልቆ፣ እራቱን በዝምታ በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ ክፍሉ ገባ። መርፌ ሥራ ፈት ሆና፣ ያደረ ልብስ እያጣጠፈች፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሥራዋ ሄደ፤ ከንፈሯ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ይሄ ሰውዬ ጨው እንኳ አይለምናትም። ስታስበው እንደገና ደሟ ፈላ። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጣጠፈችው።

ከግድግዳው ወዲያ ትሮምቦኑ ተነሣ። የዘፋኟ ዜማ ነው። ኖታዋን ከሥር አክኮ አነሣት፣ ወጣ፣ ተከፈተ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ሊያልቅ ሦስት ኖታ ሲቀረው፣ ደራሲው በሕልሙም ባላሰበው ቦታ፣ ወንድሟ አየር ሰረቀ።

«እዛ ጋ አይተነፈስም!» ብላ ጮኸች መርፌ።

ጮኻ ስታበቃ ነው የደነገጠችው። ከወዲያ ማዶ ምንም የለም። ትሮምቦኑም ቆሟል። ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛ ጠበቀች፤ ትንፋሿን እንደያዘች እንኳ አላወቀችም።

ከዚያ ግድግዳው ሁለቴ ኳ ኳ አለ። ወናፍ ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስም ተነፈሰ።